ሳልሞት የደረሰ ኑዛዜ

ደረቴን እንደሚያመኝ ያወቅሁት ከሰኞ ገበያ ወደ ቤታችን በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። ከኮምቦልቻው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰርቪስ ወርጄ ዳገቱን ስጀምር ምንም አልሆንም፤ ግማሽ ላይ ስደርስ ግን አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ ደረቴን በጡጫው የጨመደደው ይመስለኛል። ቆም ብዬ ትንሽ ስተነፍስ ይለቀኛል። ደሴ ላይ ደግሞ ሰው ዳገት መሐል ዝም ብሎ መቆም አይችልም፤ «ምን ሆንክ?» ባይ ይበዛል። ስለዚህ የጫማዬን ክር ፈትቼ እንደገና አስራለሁ። ክር የሌለው ጫማ ባደረግሁ ቀን ፊቴን አዙሬ የጦሳን ተራራ አያለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁትን ተራራ፣ ትናንት የመጣ ይመስል ትክ ብዬ ሳየው መንገደኛውም ቆሞ ወደ ላይ ያይ ነበር። አንድ ቀን አምስት ሰው አስቁሜያለሁ።

አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ሚስቴና ሁለት ሴት ልጆቼ ደሴ ይውላሉ፤ እኔ የሽመና ክፍል ተቆጣጣሪ ሆኜ ጠዋት ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከሥራ በኋላ ሽቅብ ወደ ደሴ እመላለሳለሁ። በፋብሪካው የምታወቀው በምክሬ ነው። ማሽን ድምፁን ሲቀይር ቶሎ ያላመለከተ ሠራተኛ ካገኘሁ፣ ትንሽ ብልሽት መደበቅ ምን ያህል ጥፋት እንደሆነ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳዋለሁ። ይህን ሁሉ ስናገር ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ሆኖ፣ ለራሴ ብልሽት በድብቅ የገዛሁትን የጨጓራ ክኒን ይነካካል።

ለሚስቴ ጨጓራ ነው አልኳት። አምናኝ አብሽ መቀቀል ጀመረች። ጠዋት አብሽ፣ ማታ አብሽ። ላቤ ሁሉ አብሽ አብሽ ከማለቱ የተነሳ ሰርቪስ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው መቀነሱን አስተውያለሁ።

የደበቅሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ለስድስት ወር ሥልጠና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከሚላኩት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ስሜ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ በሳምንቱ፣ ፒያሳ ላይ ያልነገርኩት ሰው ቢኖር መስማት የተሳነው ብቻ ነው። ለጤና ምርመራ ስቀርብ ሐኪሙ ደረት ያምሃል ወይ አለኝ፤ አያመኝም አልኩ። ዳገት ስትወጣስ ሲለኝ፣ ደሴ ተወልጄ ዳገት ሊያመኝ ነው ብዬ ሳቅሁ። እሱም ሳቀና ፈረመ።

ሥልጠናው የሚሰጥበት ሕንፃ አራት ፎቅ ነበረው፤ የእኛ ክፍል አራተኛው ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት፣ ውጭ በረዶ እየጣለ፣ ሁለት ጥቅል ክር ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ ጡጫው መጣ። ቆምኩ። አልለቀቀኝም። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ቀዝቃዛ ላብ ከአንገቴ እስከ ወገቤ አጠበኝ። አስተማሪዎቹ ሮጠው ሲመጡ ሆዴን እያሳየሁ በአማርኛ «ጨጓራ፣ ጨጓራ» እላለሁ። እነሱ ግን አልሰሙኝም፤ አምቡላንስ ጠሩ። ሆስፒታል እንደ ደረስኩ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው ከመሣሪያው የሚወጣውን ወረቀት አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ጨጓራ አለመሆኑን በማላውቀው ቋንቋ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ አስተርጓሚ መጣችልኝ። ቀድሞ ደብረ ብርሃን አስተማሪ የነበረች፣ እዚያ አገር የመድኃኒት ቅመማ የምትማር ኢትዮጵያዊት ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም፤ ስትናገር አሁንም ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመች ይመስላል። ዶክተሩ ረጅም ነገር ተናገረ። እሷ አሳጠረችው።

«የልብዎ ደም ሥር ጠቧል» አለችኝ። «በብሽሽትዎ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልብዎ ይወስዱታል። ጫፉ ላይ ፊኛ አለ። የጠበበው ቦታ ሲደርስ ፊኛውን ይነፉታል፤ መንገዱን ያሰፋል፤ ከዚያ ያወጡታል።»

ፊኛ ስትል የሽንት ፊኛ መሰለኝ። ብሽሽትም ብላለች፤ ስለዚህ ሐሳቡ ሁሉ ከወገቤ በታች ሰፈረ። የሽንቴን ፊኛ ወደ ልቤ ሊወስዱት ነው ብዬ ለትንሽ ጊዜ በእውነት አምኜ ነበር። ልጆች የሚነፉት ዓይነት ፊኛ መሆኑን በጣቶቿ መጠን እያሳየች አስረዳችኝ። ይህ ሲገባኝ ደግሞ ማደንዘዣው ስንት ሰዓት እንደሚያስተኛኝ ጠየቅኳት።

«አይተኙም። ነቅተው እያዩ ነው የሚሠሩልዎት። መርፌው የሚገባበት ቦታ ብቻ ነው የሚደነዝዘው።»

«ጨጓራዬ ተሽሎታል በይልኝ» አልኳት።

አልተረጎመችውም።

ሥራው ለማግስቱ ጠዋት ተቀጠረ። በዋዜማው ከምሳ በኋላ ኑዛዜ ለማድረግ ወሰንኩ። ቀኝ እጄ ላይ መርፌ ስለ ተሰካ አስተርጓሚዋን ደብዳቤ ጻፊልኝ አልኳት። ወረቀት አወጣች። ለሚስቴ የሚደርስ ደብዳቤ ቢሆንም የሚያነብላት አባቷ እንደሚሆን አስቤ ነው የተናገርኩት። አባቷ አያቶቻቸው ከየመን የመጡ፣ ፒያሳ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሚስቴ ቀበሌ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ የምስክር ወረቀት ብትይዝም፣ የሱቅ ታፔላ ፊት ቆማ ስታነብ ሰዓቴን እያየሁ እስቅባት ስለ ነበር የሰው እጅ ጽሑፍ ታነባለች ብዬ አላሰብኩም።

እንግዲህ ያስጻፍኩት ይህንን ነው። በመጀመሪያ አውፍ እንድትለኝ፣ ይቅር እንድትለኝ ለመንኳት። ሕመሙ ጨጓራ ሳይሆን ልብ እንደ ነበረና አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ደበቅኳት ነገርኳት። ቀጥሎ፣ ከእናቷ የወረሰችውን የየመን ማሰሮ የሰበርኩት እኔ መሆኔን ተናዘዝኩ። በዚያ ጥፋት የተከሰሰችው ድመታችን ነበረች፤ ፍርዱንም የሰጠሁት እኔው ስለሆንኩ በሰርቪስ ወስጄ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ግቢ ትቻት ተመልሻለሁ። ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባሁ። ዕድሜሽ ገና ነው፣ ብቻሽን አትኑሪ፣ ከጎረቤታችን ልብስ ሰፊ የተሻለ ሰው አይገኝም አልኩ። ልብስ ሰፊው ሚስቱ የሞተችበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ሶላቱን የማያሳልፍ ሰው ነው። ይህን ሳስጽፍ የራሴ ደግነት አንጀቴን በላው። ዕንባዬን ጠርጌ ስጨርስ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ።

«ጨምሪበት» አልኳት። «አስመራ የገዛሁትን የሱፍ ኮት ግን እንዳትሰጠው።»

እስክሪብቶዋን አቆመች። «ኮቱንም ልጻፈው?»

«ጻፊው።»

ጻፈችው። ፖስታውን ስታሽግ አድራሻውን፣ የአማቴን የፖስታ ሳጥን ቁጥር፣ ነገርኳትና «ነገ ከሰዓት በኋላ ላኪልኝ» አልኳት። ሥራው የሚሠራው ጠዋት ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ መኖሬና አለመኖሬ ይታወቃል ማለቴ ነው። ከሞትኩ የሚለውን ቃል ግን ከአፌ ማውጣት ፈራሁ። የተማረች ሴት ናት፣ ይገባታል አልኩ።

ጠዋት አንዲት ነርስ ምላጭ ይዛ መጥታ ብሽሽቴን ላጨችው። በሕይወቴ ሙሉ ሐኪም ፊት እንኳ ሱሪዬን ፈትቼ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሌላ ሰው ነው እያልኩ አሳለፍኩት። ከዚያ ቀዝቃዛና ጠባብ አልጋ ላይ አጋደሙኝ። አስተርጓሚዋ እንደ እነሱ ከባድ ሽርጥ ለብሳ ራስጌዬ ቆመች። መርፌው ትንሽ ነው ያመመኝ። ቱቦው ሲገባ ምንም አልተሰማኝም፤ ይህ ራሱ አስፈራኝ፤ አንድ ነገር ሆዴን አልፎ ወደ ልቤ እየሄደ ባለቤቱ አለማወቄ። በጎኔ ባለ ቴሌቪዥን ላይ ጥቁርና ነጭ የሆነ ነገር ይርገበገባል። ያ የእርስዎ ልብ ነው አለችኝ። ያን ያህል ትንሽ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም።

ደም ሥሩ በደንብ እንዲታይ መድኃኒት ሲረጩበት ከደረቴ እስከ እግሬ ድረስ ግለት ወረደ። ሸናሁ ብዬ ደነገጥኩ። ለሴት መናገር አፈርኩ፤ ሳልናገር ብቀርም አልጋቸውን አበላሽሁት። በመጨረሻ በሹክሹክታ ነገርኳት። ዶክተሩን ጠይቃ፣ አልሸኑም፣ መድኃኒቱ ነው እንዲህ የሚያሰኘው፣ ሁሉም ሰው ይመስለዋል አለችኝ። ካፈርኩ በኋላ ነው እንግዲህ የነገረችኝ።

ከዚያ ፊኛውን ነፉት። ጡጫው መጣ፤ ያው የማውቀው ጡጫ፣ ግን ቆም የሚባልበት፣ ጫማ የሚታሰርበት ቦታ የለም። ላ ኢላሃ ኢለላህ እያልኩ መጮህ ጀመርኩ። ዶክተሩ ምን እያለ ነው ብሎ ጠየቃት መሰለኝ አንድ ነገር መለሰችለት፤ እሱም ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በኋላ ምን አልሽው ስላት፣ እያመሰገነዎት ነው አልኩት አለችኝ። ፊኛው ሲፈታ ጡጫውም ተፈታ። እንደገና ነፉት፤ እንደገና ለቀቀኝ። ሲያበቃ ዶክተሩ በቴሌቪዥኑ ላይ ቀጭን የነበረውን መስመር ወፍሮ አሳየኝ። አለቀስኩ። መብራቱ ዓይኔን ወግቶኝ ነው አልኳቸው።

እስከ ማግስቱ ድረስ ብሽሽቴ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጭነው እግርህን እንዳታጥፍ አሉኝ። እንደ ግንድ ተጋድሜ፣ መዳኔን እያጣጣምኩ ሳለሁ አስተርጓሚዋ ብርቱካን ይዛ መጣች። ደስ ብሏታል። «ደብዳቤዎንም ልኬዋለሁ» አለችኝ።

ለምን ላክሽው አልኳት። ከሰዓት በኋላ ላኪ ብለውኝ እኮ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ብዬአታለሁ።

ብርቱካኑን እያየሁ አሰብኩ። ቴሌግራም ልላክ አልኩ፤ ነገር ግን «ደብዳቤ ሲመጣ እንዳትከፍቱ» የሚል ቴሌግራም ከተላከ ፒያሳ ሙሉ ተሰብስቦ ነው የሚከፍተው። ስለዚህ በራሴ እጅ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። ትንሽ አሞኝ እንደ ነበር፣ ታክሜ እንደ ዳንኩ፣ ቶሎ እንደምመጣ ብቻ ገለጽኩ። ስለ መጀመሪያው አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ምናልባት መንገድ ላይ ይጠፋል ብዬ ዱዓ አደረግሁ። ለፖስታ መጥፋት ዱዓ ያደረገ ሰው ከእኔ ሌላ መኖሩን አላውቅም።

ሥልጠናዬ ተቋርጦ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደሴ ገባሁ። ሚስቴ በደስታ ተቀበለችኝ። ፊቷን መረመርኩ፤ ምንም የለበትም። ደብዳቤው አልደረሰም ማለት ነው። ጠያቂ መጉረፍ ጀመረ። አላህ አፊያውን ይስጥህ እያሉ ይቀመጡና ቁስሉን አሳየን ይሉኛል። ልቡ ታክሞ ደረቱ ላይ ጠባሳ የሌለው ሰው እንዴት ይታመናል? የገባው በብሽሽት ነው ስል ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ይሰብራሉ፤ ወጣቶቹ በሰውነቴ ላይ ሌላ በሽታ የሚፈልጉ ይመስላሉ። በሦስተኛው ቀን ሰልችቶኝ በሸሚዝ ቁልፎቼ መካከል የልጅነት የፈንጣጣ ጠባሳዬን አሳየሁ። ሁሉም ተደነቁ፤ ፈረንጅ ሲሰፋ ይህችን ታህል ምልክት ብቻ ነው የሚያስቀረው አሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሥራ ነበረብኝ። አማቴ ሱቅ እሄድና፣ ወደ ፖስታ ቤት ስለማልፍ ሳጥንዎን ልይልዎት እላቸዋለሁ። ቁልፉን ይሰጡኛል። ሳጥኑን እከፍታለሁ፤ የነጋዴ ደብዳቤ አለ፣ የእኔ የለም። አምስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። አማቴ ቁልፉን ሲሰጡኝ ትክ ብለው ያዩኛል፤ ምንም አይጠይቁኝም። እኔም ለእርስዎ ልጅ የመጣ ደብዳቤ ነበር ወይ ብዬ አንድ ጊዜ አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር።

በዚህ መሐል ቤታችን ውስጥ የልብስ ሰፊው ስም መነሣት በዛ። ሚስቴ ምሳ ስታቀርብ፣ ያ ሰው እንዴት ያለ ጨዋ ነው ትላለች። ስለ ሶላቱ፣ ስለ ዝምታው፣ ስለ ንጹሕ ጥፍሩ ታወራለች። እኔ የመረጥኩት ሰው ነው፤ መልካምነቱን ከማንም በላይ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። ሆኖም ስሙ በተነሣ ቁጥር ወሬ ማስቀየር ጀመርኩ። አንድ ጁምዓ ምሳ ጠራችው። ቀስ ብሎ በላ፣ አመሰገነ፣ መረቀን፣ ሄደ። አንድም ነውር አላገኘሁበትም፤ እሱ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። ከሄደ በኋላ ለሚስቴ ድምፁ ሰላላ ነው አልኳት።

በስድስተኛው ቅዳሜ ከፖስታ ቤት ባዶ እጄን ስመለስ በልብስ ሰፊው በረንዳ በኩል አለፍኩ። ከስፌት መኪናው በላይ፣ ሚስማር ላይ፣ የአስመራ የሱፍ ኮቴ ተሰቅሏል።

«ኮቴ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። «እኔም ልጠይቅህ እየጠበቅሁ ነበር» አለኝ። «ባለቤትህ ናት የላከችው። በባሌ ልክ ሳይሆን በራስህ ልክ አስተካክለው አለችኝ። ስህተት መስሎኝ መቀስ አላነሣሁበትም።»

ኮቱን ተቀብዬ ወደ ቤት ሄድኩ። ልጆቹ አያታቸው ቤት ነበሩ፤ ሚስቴ በረንዳ ላይ ልብስ ታጥፋለች። ኮቱን አጠገቧ አስቀመጥኩና ደብዳቤው መቼ ደረሰ አልኳት። ከመምጣትህ በፊት አንድ ወር አለች፣ ቀና ሳትል።

«ማን አነበበልሽ?»

ከኑዛዜውም ከኮቱም የባሰው ይህ ጥያቄ ነበር። አሁን ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔ» አለች።

አባቷ ፖስታውን ሰጥተዋት፣ ጓዳ ገብታ በሯን ዘግታ፣ ከቀትሩ ዙህር ጀምራ ፀሐይ ጠልቃ እስከ መግሪብ በጣቷ እየተከተለች አንብባዋለች። ያቺ ሴት ስትጽፍ ፊደሏ ያምራል አለችኝ። ማሰሮው ጋ ስትደርስ ተናደደች፤ ልብስ ሰፊው ጋ ስትደርስ እንኳን ሞተ አለች፤ ኮቱ ጋ ስትደርስ እያለቀሰች ሳቀች። ሁለተኛው ደብዳቤ፣ ድኛለሁ የሚለው፣ የመጣው ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ወደ ፖስታ ሳጥኑ ስመላለስ፣ ስለ ራሴ ውርደት ብቻ ሳስብ፣ በሁለቱ ደብዳቤዎች መካከል ቀናት እንዳሉ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

«አራት ቀን ባሏ የሞተባት ሴት ነበርኩ» አለችኝ። «ለአባቴ አልነገርኩም፣ ለልጆቹ አልነገርኩም። ከተናገርኩት እውነት ይሆናል ብዬ። ልጆቹን ትምህርት ቤት እየላክሁ፣ ሰው ሰላም እያልኩ ዋልኩ።» አንድ ሸሚዝ አጠፈች። «ለማታውቃት ሴት የነገርካትን ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው ልል ነበር፤ እውነት አይደለም። ከጉዞው እንዳልቀር ነው የደበቅሁት፤ ፒያሳ ላይ ያወራሁት ወሬ እንዳይበላሽብኝ። ይህንኑ ነገርኳት። ከዚያ አውፍ በይኝ አልኳት።

«ስለ ማሰሮው ነው ስለ ሌላው?»

«ስለ ሁሉም።»

«ስለ ማሰሮው ብያለሁ» አለች፣ የታጠፈውን ልብስ ተሸክማ ወደ ውስጥ እየገባች።

ስለ ሌላው አውፍ ያለችኝ ቆይታ ነው፤ መቼ እንደሆነ በትክክል አላውቅም፤ ስለ ልብስ ሰፊው ጥፍር ማውራት ስታቆም ገባኝ። እሱ በሁለተኛው ዓመት ከሐርቡ አንዲት ሴት አገባ፤ ለኒካሑ ምስክር ሆኜ ተቀመጥኩ፤ ከሙሽራው ይልቅ እኔ እፎይ አልኩ። የጠበበው ደም ሥር ትንሽ ቆይቶ መልሶ ቢያስቸግረኝም በክኒን ይዘውኝ እስከ ጡረታ ሠርቻለሁ። ሐኪም ዘንድ ስሄድ ሚስቴ አብራኝ ትገባለች። ውጭ ጠብቂ ቢሏት እሺ አትልም። ሐኪሙ እኔን እያየ ደረትህን ያምሃል ወይ ሲለኝ አፌን እከፍታለሁ፤ መልሱን የምትሰጠው እሷ ናት፣ ስንት ቀን እንዳመመኝ፣ የት ቦታ ላይ እንደ ቆምኩ፣ ስጠየቅም ምን ብዬ እንደምዋሽ ጭምር።